ውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ለምን ድምፅ አይሰጥም?

ምርጫ ሲቃረብ ከአማኑኤል፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ወጥተው ባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆች ለቤተሰብ ሲደውሉ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ውክልና ብልክ ወንድሜ በስሜ ሊመርጥልኝ ይችላል?» የሚል። ጠያቂው ያለ ምክንያት አልጠየቀም። ሪያድ ያለች እህት ኤምባሲ ቀርባ በሰጠችው ውክልና ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ይገዛላታል፣ የባንክ ሒሳቧ ይንቀሳቀሳል፣ ፍርድ ቤት ክርክር ይካሄድላታል። አንድ ወረቀት ይህን ሁሉ ከሠራ፣ ኮሮጆ ውስጥ ድምፅ መክተት ምን ያቅተዋል ያሰኛል።

መልሱ አይቻልም ነው። ድምፅ የሚሰጠው መራጩ ራሱ ምርጫ ጣቢያ ቀርቦ፣ በምሥጢር ነው። ባል ለሚስቱ፣ አባት ለልጁ አይመርጥም፤ በሌላ ሰው ስም ወይም በሌላ ሰው የመራጭነት ካርድ ድምፅ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል። ቤት በውክልና የተገዛላት ሴት ቤቱን መጥታ ታያለች፣ ውሉን ታስነብባለች፣ ተወካዩ ካጭበረበራት ትከሳለች። በውክልና የተሰጠ ድምፅ ግን በትክክል ለማን እንደተሰጠ ማጣራት የሚቻለው ምሥጢርነቱ ከተሻረ ብቻ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ በውክልና መምረጥን ይፈቅዳሉ። እኔ ግን የቤተሰብ ቃል ከባድ በሆነበት፣ የአባት ፍላጎት የልጅን በሚውጥበት አገር በሩ ተዘግቶ መቆየቱን እደግፋለሁ።

የሚያከራክረው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰውየው ራሱ፣ ባለበት አገር ኤምባሲ ተሰልፎ ለምን አይመርጥም? ብዙ ሰው ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ይመስለዋል። አልከለከለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት የሰጠው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ሁሉ ነው፤ 18 ዓመት ይሙላው እንጂ የት ትኖራለህ ብሎ አይጠይቀውም። አንቀጽ 32 ደግሞ ዜጋ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንዱ መብት የተጠቀመ ሌላውን ያጣል የሚል ቃል በሁለቱም አንቀጾች ውስጥ አይገኝም። ያለው «በሕግ መሠረት» የሚል ሐረግ ነው፤ ዝርዝሩ ለምርጫ ሕጉ ተትቷል ማለት ነው። በሩ የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው።

6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደበት አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በመራጭነት ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ ዜጋ መሆንን፣ 18 ዓመት መሙላትንና በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። በዚያ ምርጫ ምዝገባውም እንደ ድምፅ አሰጣጡ በአካል ነበር። የስድስት ወሩ ግዴታ የተደነገገው ለበጎ ነው፤ አንድ ፓርቲ በምርጫው ዋዜማ በአውቶቡስ ሰው አጓጉዞ የሌላ አካባቢን ውጤት እንዳይገለብጥ። ግን ያንኑ አካባቢ ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ለጊዜው የተለየውንም ሰው አብሮ ያስቀረዋል።

ምሳሌ ልስጥ። አማኑኤል በምሥራቅ ጎጃም የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዚያ የወጣ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት ቡዳፔስት የሄደ ልጅ እናስብ። ወላጆቹ ማቻከል ናቸው። የቀበሌ መታወቂያው ከእጁ አልወጣም። ትምህርቱን ሲጨርስ የሚመለሰውም ወደዚያው ነው። በስድስት ወሩ ደንብ ግን የመራጮች መዝገብ ላይ ቦታ የለውም። ደንቡ ባይኖር እንኳ መንገዱ ቀላል አይሆንለትም ነበር። በ2013 ዓ.ም. የመራጮች ምዝገባ የተካሄደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሲሆን ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን ነው። መመዝገብም መምረጥም የፈለገ የቡዳፔስት ተማሪ በአንድ የትምህርት ወቅት ሁለት የደርሶ መልስ ትኬት መቁረጥ ነበረበት። የትኛውም ነጻ የትምህርት ዕድል ይህን አይሸፍንም።

ሕጋችን በሌላ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ አስተዋይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በተጨባጭ ከሚኖርበት ቦታ ሌላ፣ የሥራውና የጥቅሙ ማዕከል የሆነውንና ለዘለቄታው ሊኖርበት ያሰበውን ዋና መኖሪያ ለይቶ ያውቃል። ለፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚሠራ መለያ ለምርጫ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ዓይነት ሰዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘው ነው፤ ተማሪው፣ ቤይሩትና ጅዳ ያለችው የቤት ሠራተኛ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ጀርመን የሚኖረው መሐንዲስ። እነዚህ ዜጎች ናቸው፤ መብቱ አላቸው፣ የጎደላቸው መጠቀሚያው መንገድ ነው። ሁለተኛው የሌላ አገር ዜግነት የወሰደው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ብዙዎች ቢጫ ካርድ የሚሉት የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ሀብት ያስይዛል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን ባለ ካርዱ በየትኛውም የመንግሥት እርከን መምረጥም መመረጥም እንደማይችል በግልጽ አስቀምጧል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ በቢጫ ካርድ አዲስ አበባ አሥር ዓመት የኖረ ሰው እንኳ አይመርጥም። ስለ ውጭ አገር ድምፅ በተነሣ ቁጥር ሁለቱ ስለሚደባለቁ ክርክሩ መቋጫ ያጣል፤ አንዱ ስለ ተማሪው ሲናገር ሌላው ስለ ባለ ቢጫ ካርዱ ይመልስለታል። የጥምር ዜግነት ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የእኔ ጽሑፍ ስለ ባለ ፓስፖርቱ ነው።

የስድስት ወሩ ደንብ ነገ ቢነሣ ኤምባሲዎች በማግስቱ ምርጫ ጣቢያ መሆን ይችላሉ? አይችሉም። ምክንያቱ የምርጫ ሥርዓታችን አሠራር ነው፤ ብዙ ተከራካሪ ሳያነሣው የሚያልፈውም ይህንኑ ነው።

እኛ ርዕሰ ብሔርም ሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀጥታ አንመርጥም። የምንመርጠው የአካባቢያችንን እንደራሴ ነው፤ እንደራሴዎቹ ተሰብስበው መንግሥት ይመሠርታሉ። የተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች አሉት፤ በየምርጫ ክልሉ የሚቀርቡት እጩዎች ይለያያሉ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱም ይለያያል። መራጩ በዚያው ዕለት ለክልል ምክር ቤት ሌላ ወረቀት ይቀበላል። ስለዚህ የሪያድ ኤምባሲ ከማቻከልም ከጅማም ከጎዴም የመጣ ሰው ቢሰለፍበት ለእያንዳንዱ የራሱን አካባቢ ወረቀት አዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፤ በመቶዎች የሚቆጠር የወረቀት ዓይነት ማለት ነው። ከዚያ ለማቻከል የተሰጡት ድምፆች ከሪያድ፣ ከቡዳፔስትና ከዋሽንግተን ተለቅመው ተደምረው ካልታወቁ የማቻከል አሸናፊ አይታወቅም።

ኬንያ ይህ ችግር አልገጠማትም፤ ፕሬዚዳንቷን ሕዝብ በቀጥታ ስለሚመርጥ ናይሮቢም ለንደንም ያለው ወረቀት አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ ውጭ ያሉ ዜጎች ደረጃ በደረጃ እንዲመርጡ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2013 በጎረቤት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተጀመረ፤ በ2017 ደቡብ አፍሪካ ተጨመረች፤ በ2022 በ12 አገሮች ተካሄደ። ለፕሬዚዳንት ብቻ ነው እንጂ የመንደሩን እንደራሴ ከውጭ ሆኖ የሚመርጥ የለም። ደግሞም በ2022 ውጭ ሆነው የተመዘገቡት ኬንያውያን ወደ 10 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ውጭ ያለው ሰው ይፈቀድለት እንጂ ምርጫውን ያጥለቀልቀዋል ብለው ለሚሰጉ ይህ ቁጥር መልስ ይመስለኛል።

ሌላው መንገድ ውጭ ለሚኖሩት የራሳቸውን መቀመጫ መስጠት ነው። ፈረንሳይ 11 የምክር ቤት አባላትን በውጭ ያሉ ፈረንሳያውያን እንዲመርጡ አድርጋለች። ሴኔጋል ከ165 መቀመጫዎች 15ቱን ለዚሁ ለይታለች። ወደ እኛ ስንመልሰው ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይገታናል። አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ 547ቱ ተይዘዋል። ሦስት መቀመጫ ነው የቀረው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በሦስት መቀመጫ ይወከል ቢባል ከሳውዲ ያለው ለየትኛው፣ ከአሜሪካ ያለው ለየትኛው ተብሎ ሊከፋፈል ነው? ለዚህ ብሎ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ደግሞ ሌላ ተራራ ነው። ይህን መንገድ አልመክርም።

የሚቀርበን ሕንድ ያደረገችው ነው። ሕንድ እንደ እኛ በየምርጫ ክልሉ አንድ እንደራሴ ትመርጣለች፤ ውጭ የሚኖረው ዜጋዋም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሕጓን አሻሽላ፣ የሌላ አገር ዜግነት ያልወሰደ ሕንዳዊ በፓስፖርቱ ላይ በሠፈረው የአገር ቤት አድራሻ በመራጭነት እንዲመዘገብ ፈቀደች። ድምፁን ለመስጠት ግን መንደሩ ድረስ መምጣት አለበት። ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ቢሆንም ስሙ ከመዝገቡ አይፋቅም። የምርጫው ቀን ከእረፍቱ ጋር የገጠመለት ተማሪ ይመርጣል። የእኛው ሕግ ይህን እንኳ አይሰጥም።

ሕግ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ጋና ታሳየናለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጭ የሚኖሩ ጋናውያን እንዲመርጡ ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ግን ለረጅም ዓመታት ሳይተገበር ወረቀት ላይ ቀርቷል።

ነገሩ ለአገራችን መሬት እንግዳ አይደለም። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ57 ሺህ በላይ ኤርትራውያን እዚሁ ሆነው ድምፅ ሰጥተዋል። በጥር 2003 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ሱዳን በነጻነቷ ላይ ስትወስን፣ ከሱዳን ውጭ ድምፅ ከተሰጠባቸው ስምንት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ለጎረቤቶቻችን ኮሮጆ አስቀምጠን፣ ታዛቢ ተቀብለን አስተናግደናል። እነዚያ በእርግጥ የአንድ ጥያቄ ምርጫዎች ነበሩ፤ ከሁለት አማራጮች አንዱን መምረጥ ብቻ። ከእኛ የምክር ቤት ምርጫ በእጅጉ ይቀላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከራሳችን ምርጫ የሚወጣው ነው። ሕጉ በካምፕ ለሚኖሩ ወታደሮች፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ ምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ተፈናቃይ ተጠልሎ ባለበት ሆኖ ለተፈናቀለበት ምርጫ ክልል ድምፅ የሚሰጥበት አሠራር ተዘርግቷል። ሕጉ ሰው ከቤቱ ርቆ የቤቱን እንደራሴ ሊመርጥ እንደሚችል ያውቃል ማለት ነው።

የሐረሪ ጉዳይ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በሐረሪ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረት ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ ለእነዚህ የሚመርጡት ሐረር ያሉ ሐረሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትም ጭምር ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉት መምረጥ አይችሉም ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እንዲመርጡ ወሰነ። አዲስ አበባ የተወለደ ሐረሪ ሐረር ስድስት ወር ሳይቀመጥ ለሐረር ጉባኤ እንዲመርጥ መብት ተሰጠው። መነሻው ልዩ የክልል ሕገ መንግሥት ስለሆነ በቀጥታ ለማቻከሉ ተማሪ አይጠቀስለትም። ነገር ግን ነዋሪነት የማይነካ ሕግ አለመሆኑን በፍርድ ቤት ቃል አረጋግጧል።

ስጋቶቹን አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ኤምባሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ኮሮጆው በአምባሳደር ቢሮ እንዲያድር አይፈልጉም፣ ሐቅም አላቸው። ስለዚህ ጣቢያውን የሚመራው የምርጫ ቦርድ ሠራተኛ፣ የሚከታተለውም የፓርቲዎች ወኪልና ገለልተኛ ታዛቢ መሆን አለበት። ከዚህ የሚከብደኝ የሌላው ወገን ችግር ነው። ቡዳፔስት ያለው ተማሪ በባቡርም በአውሮፕላንም ወደ ቀረበው ኤምባሲ ሊሄድ ይችላል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ግን ፓስፖርቷን አሠሪዋ ቆልፎበት፣ የእረፍት ቀን ተነፍጓት ትኖር ይሆናል። ለእሷ ኤምባሲ ላይ የተቀመጠ ኮሮጆ የለም ከማለት አይለይም። ውጭ ያሉትን እናስመርጥ ስንል የሚመርጡት ጊዜና ሰነድ ያላቸው ብቻ እንዳይሆኑ ከወዲሁ ማሰብ ይገባል። ቆንስላዎች ለፓስፖርት እድሳት ሠራተኞች ወደሚበዙበት ከተማ እንደሚሄዱ ሁሉ ምርጫ ጣቢያውም በተከታታይ የእረፍት ቀናት ወደ እነሱ ሊሄድ ይችላል።

«ጎጃም ውስጥ ያለው ሰው በሰላም ተሰልፎ መምረጡ ሳይረጋገጥ ስለ ቡዳፔስት ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ግጭት ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው የተገባ ነው። የአገር ቤቱ ሰላም ይቀድማል። ግን ሕግ የሚዘጋጀው ችግሩ እስኪያልቅ ተጠብቆ አይደለም፤ ምርጫው ሲደርስ ሕጉ ከሌለ አምስት ዓመት ይጠበቃል።

እኔ እንዲህ ቢጀመር እላለሁ። በመጀመሪያ የስድስት ወሩ ደንብ ለትምህርትና ለሥራ በጊዜያዊነት ውጭ ላሉ ባለ ፓስፖርቶች ይነሣ፤ የመጨረሻ የአገር ቤት አድራሻቸው የምርጫ ክልላቸው ይሁን፤ ምዝገባውም ባሉበት ሆነው ይፈጸም። ይህ አንድ የአዋጅ ማሻሻያ እንጂ የሕገ መንግሥት ለውጥ አይፈልግም። ቀጥሎ ብዙ ኢትዮጵያውያን ባሉባቸው ጥቂት ከተሞች፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ብቻ፣ ድምፅ ይሰጥ። የወረቀቱ ብዛት ችግርም መላ አለው፤ አሜሪካ ውጭ ላሉ ዜጎቿ መደበኛው ወረቀት ካልደረሳቸው ስም ያልታተመበት ወረቀት ሰጥታ የሚፈልጉትን እጩ ወይም ፓርቲ ራሳቸው እንዲጽፉበት ታደርጋለች። የክልል ምክር ቤቱ በኋላ ይደርሳል።

እስከዚያው ውጭ ላላችሁ፦ የፓስፖርታችሁ ጊዜ እንዳያልፍ፣ የቀበሌ መታወቂያችሁን አትጣሉ፤ አንድ ቀን ዜግነትና አድራሻ ማስረዳት ሲያስፈልግ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ለመመለስ ያቀዳችሁ ካላችሁ የመመለሻ ጊዜያችሁን ከምዝገባው ቀደም አድርጋችሁ አስሉ፤ የምርጫ ሕግ ስለሚሻሻል ቦርዱ በየምርጫው የሚያወጣውን መመሪያ አንብቡ። ካርዱን ለወንድሜ ልስጥ አትበሉ።

ሕጉን የሚያሻሽሉት ግን አማኑኤል፣ ቢቸናና ሞጣ ላይ በተቆጠረ ድምፅ የሚመረጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ እጩ ቆሞ ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ ሲነግራችሁ እጃችሁን አውጡና ይህንንም ጠይቁት፦ ውጭ ያለው ልጄ የሚመርጥበትን ሕግ ምክር ቤት ስትገባ ታቀርባለህ ወይስ አታቀርብም?